«በነቀርሳ ሞተች» ስትልሽ፣ የትኛው ነቀርሳ ብለሽ ጠይቂ

ይህ ጥያቄ የደረሰኝ ከአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ዶክተር እንደምን አሉ? የምሠራው ከወረዳው ከተማ በእግር ሦስት ሰዓት በሚርቅ ቀበሌ ነው። አንዲት የ31 ዓመት፣ የአራት ልጆች እናት አለች። እናቷ በጡት ቁስል፣ የእናቷ እህት ደግሞ በነቀርሳ ነው የሞቱት። አዲስ አበባ ያለች እህቷ ‹በዘር ይተላለፋል አሉ፣ ተመርመሪ› ብላ ደውላላት እንቅልፍ አጥታለች። ጡቷን አይቼ ምንም እብጠት አላገኘሁም። የዘር ምርመራ የሚባለው የት ነው ያለው? ዲፖ መርፌ ትወስዳለች፣ ይቁም ወይ? ሌሎቹንስ ሴቶች ምን ብዬ ልጠይቅ? ስጠይቃቸው ‹አታሟርቺብኝ› ይሉኛል። ታናሽ እህትዎ ነኝ።»

ታናሽ እህትዎ ካልሽ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ።

ከዲፖው ልጀምር። አታቁሚባት። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ወሊድ መከላከያ ባወጣው መመሪያ፣ እናት ወይም እህት የጡት ካንሰር ነበረባት ማለት ብቻውን የትኛውንም መከላከያ አያስከለክልም። መርፌውም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም፣ እንክብሉም ይሄዳል። ነገሩ የሚለወጠው ካንሰሩ ራሷ ላይ ሲገኝ ነው። ያኔ ሆርሞን ያለበት መከላከያ ይቀርና ሌላ ይፈለጋል። ይህን ረጋ ብለሽ ንገሪያት። በፍርሃት መርፌውን ትተው ሳያስቡት ያረገዙ ሴቶች አጋጥመውኛል።

የዘር ምርመራው ላይ እመለስበታለሁ። ላቦራቶሪ ፍለጋ ከመሮጥሽ በፊት ግን እጅሽ ላይ ያለ፣ ምንም የማይከፈልበት ምርመራ አለ። ጥያቄ ነው። ገጠር ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸውም እሱ ነው።

ለነገሩ መነሻ የሚሆነውን ያህል ብቻ ልበል። ሁላችንም ብራካ አንድ እና ብራካ ሁለት የሚባሉ ዘረ መሎች አሉን። እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 ነው ተለይተው የታወቁት። ሥራቸው ጥገና ነው። ሴል ውስጥ ያለው የዘር ክር ሲበጠስ ይቀጥላሉ። ከወላጅ የተበላሸ ቅጂ የደረሳት ሴት ጥገናው ይጓደልባታል፤ የተበላሸው ይከማቻል፤ ካንሰር በወጣትነቷ ሊመጣባት ይችላል። እንዲህ ያለች ሴት በዕድሜ ዘመኗ የጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከ100 ከ60 በላይ ነው። የኦቫሪ (የሴቷ እንቁላል የሚወጣበት አካል) ካንሰር ደግሞ በብራካ አንድ ከ100 ከ39 እስከ 58፣ በብራካ ሁለት ከ13 እስከ 29 ይደርሳል። በሌላው ሕዝብ ዘንድ ከ100 አንድ ገደማ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ለወንዱም ለሴቷም እኩል።

ግን ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚዎች በውርስ የመጣባቸው ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። ስለዚህ «በኛ ቤት የለም» ያለችሽ ሴት ነፃ ነኝ ብላ እንዳትቀመጥ። ያንቺዋም ሴት እናቷ ስለሞቱ ብቻ ተፈርዶባታል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄው።

«አክስቴ በነቀርሳ ሞተች» ብላሻለች። በአማርኛ ነቀርሳ ካንሰርም ነው፣ ቲቢም ነው። አገሬው ሳንባ ነቀርሳን አሳጥሮ ነቀርሳ ይለዋል። አክስቲቱ በቲቢ ሞተው ከሆነ ከዘር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ያኔ ጥያቄው ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ ወይ ይሆናል። ስለዚህ የበሽታውን ስም አትጠይቂ። የሞቱን ታሪክ ጠይቂ። ይስላቸው ነበር? ደም ይተፉ ነበር? ጡታቸው ላይ ወይም ብብታቸው ሥር እብጠት ነበር? ቁስል ሆኖ ፈንድቶ ነበር? ስንት ወር ተኙ?

ሌላው ወጥመድ «የማህፀን ካንሰር» ነው። ብዙው ሰው ከእምብርት በታች ያለውን ሁሉ ማህፀን ይለዋል። የማህፀን በር ካንሰር የሚመጣው ኤችፒቪ ከሚባል ቫይረስ ነው፤ በብራካ አይወረስም። ለእሱ መፍትሔው ሌላ ነው፤ ለልጃገረዶቹ ክትባቱ፣ ለእናቶቹ ጤና ጣቢያ ላይ በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ምርመራ። ኦቫሪ ግን እኛ ከምንፈልገው ነገር ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ለመለየት አንድ ጥያቄ ብዙ ይረዳል። «ደም ይፈሳቸው ነበር ወይስ ሆዳቸው ተነፍቶ ነበር?» ያለ ጊዜው ወይም ካረጡ በኋላ ደም የፈሰሳቸው ከሆነ ወደ ማህፀን በርና ወደ ማህፀን ያደላል። ሰውነታቸው እየከሳ ሆዳቸው ብቻ እንደ እርጉዝ ተወጥሮ፣ ውሃ ቋጥሮ ከሞቱ ኦቫሪን ጠርጥሪ። ሰፈሩ ያንን ጉበት ብሎት፣ አለዚያም ድግምት ብሎት ይሆናል። የጉበት በሽታም ሆድ ይነፋልና እርግጠኛ አትሁኚ። የተባለውን እንዳለ ጻፊው።

ከዚያ ዕድሜ። ከሁሉም በላይ የሚነግረን ዕድሜ ነው። በ70 ዓመት የመጣ የጡት ካንሰርና በ37 የመጣ አንድ አይደሉም። ግን «ስንት ዓመታቸው ነበር?» ብትያት «እኔ እንጃ፣ ትልቅ ሰው ነበሩ» ትልሻለች። ለስድስት ዓመት ልጅ እናት ሁሌም ትልቅ ሰው ናት።

ስለዚህ በዙሪያ ሂጂ። ባለፈው ወር አንዲት ሴት ጋር እንዲህ አወጣሁት። ዕድሜዋ እንዳንቺዋ 31 ነው። «እናትሽ ሲሞቱ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር?» አልኳት። ገና ጥርሷን አልነቀለችም ነበር፤ የባድመ ጦርነት ሊያልቅ አካባቢ መሆኑንም ታስታውሳለች። ስድስት ዓመቷ ነበር እንበል። ከሞቱ 25 ዓመት ሆነ ማለት ነው። የበኩሩ ወንድሟ ዛሬ 44 ነው፣ ያኔ 19 ነበር። እናቲቱ እሱን የወለዱት በ18 ዓመታቸው ግድም እንደሆነ አያቷ ይናገራሉ። 18 እና 19፣ 37። «ትልቅ ሰው» የተባሉት ሴት 37 ዓመታቸው ነበር። የሂሳቡ ወረቀት ላይ ዓይኗን ተክላ ቆየችና «ከኔ በስድስት ዓመት ብቻ ነዋ የሚበልጡት» አለች።

የወር አበባቸው ይመጣ እንደነበር፣ የመጨረሻ ልጃቸው ጡት ላይ እንደነበር መጠየቅም ይረዳል። ሲያጠቡ የሞቱ ሴት ሃምሳ አልሞላቸውም።

ዝምድናውንም አጥሪው። «አክስቴ» የምትላት የእናቷ እህት ትሁን የእናቷ ጓደኛ አታውቂም። «እህቴ» የአጎት ልጅ ልትሆን ትችላለች። የጡት ልጅ አለ፣ የክርስትና እናት አለ፣ ያሳደገች አለች። ፍቅራቸው እውነት ነው፤ ዘረ መል ግን አልሰጡም። «የአንድ እናት ልጆች ናችሁ? የአንድ አባትስ?» ብለሽ ነጥለሽ ጠይቂ።

አባት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ዛሬም ያሳፍረኛል። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንዲት የ38 ዓመት ሴት የጡት ካንሰር ይዟት መጣች። «ከቤተሰብ እንዲህ የታመመ አለ?» አልኳት። የለም አለች። «የለም» ብዬ ካርዷ ላይ ጻፍኩ። ዓመት ሳይሞላ ታናሽ እህቷ በዚያው በሽታ መጣች። ስንጨዋወት የአባታቸው ሁለት እህቶች ጡታቸው ቆስሎ መሞታቸው ወጣ። ትልቋን «ምነው ያኔ ሳትነግሪኝ?» ብላት፣ «የእናቴን ወገን የጠየቁኝ መስሎኝ ነዋ! አባቴ ለጡት ምን አገባው?» አለችኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የአባትን ወገን ለብቻው ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ። አባት የተበላሸውን ቅጂ ይዞ አንድም ቀን ሳይታመም ለሴት ልጁ ሊያወርስ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ዙር ነው የሚጠየቀው። መጀመሪያ «በእናትሽ ወገን»፣ ያ ሲያልቅ «አሁን ደግሞ በአባትሽ ወገን»። ወንድ ጡቱን ታሞ ያውቅ እንደሆነም ጠይቂ። ይስቁብሻል። ይሳቁ። ወንድም የጡት ካንሰር ይይዘዋል፤ ቤተሰቡ ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ወንድ ካለ ደግሞ ትልቅ ምልክት ነው።

አንድ ዕድል አለሽ፣ የከተማ ሐኪም የሌለው። ብዙ ቦታ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ርስትም ድሮ በእናትም በአባትም ይቆጠር ስለነበር አረጋውያኑ ሁለቱንም መስመር ያውቁታል። እኛ የምንፈልገው ሦስት ቤት ብቻ ነው፤ እሷ፣ ወላጆቿና እህት ወንድሞቻቸው፣ አያቶቿ። እማማ እገሌ ቡና እየቆሉ ይነግሩሻል። ግን ይህ ቆጠራ ቀዳዳ አለው። የሚቆጠረው ማን ማንን ወለደ ተብሎ ነው። ሳትወልድ በ28 ዓመቷ የሞተች ሴት ከቆጠራው ትወድቃለች፤ ጋብቻም ርስትም አትነካምና። እኛ የምንፈልጋት ደግሞ ብዙ ጊዜ እሷን ነው። «ከእህቶቻቸው መሐል ሳትወልድ የሞተች አለች?» የምትለዋን ጥያቄ አትርሺ። በ77 ድርቅ ወይም በወሊድ ወጣት ሴቶቹ ያለቁበት ቤተሰብ ከሆነም «ማንም አልታመመም» ማለት ብዙ አይነግርሽም። ለመታመም ዕድሜ አላገኙም።

በጡት ቁስል የሞተች ሴት ነገር ደግሞ አስከሬን ያጠቡ ሴቶች ያውቁታል። ቤተሰቡ የደበቀውን እነሱ አይተዋል። ይህን መረጃ ስትቀበይ ግን ለማንም እንዳታወጪው፤ ሙት ይከበራል።

ወደ «አታሟርቺብኝ» እንምጣ። እውነታቸውን ነው። «ካንሰር በዘራችሁ አለ ወይ?» ማለት ሟርት ይመስላል። ከዚያም ይከፋል። «ዘራቸው በሽታ አለበት» ከተባለ ልጃገረዶቹን የሚያገባ ይጠፋል። ለዚህ ነው የሚደብቁት። ስለዚህ «የዘር በሽታ» የሚለውን ቃል ከአፍሽ አውጪው። «በቤተሰብ የሚደጋገም ሕመም» በይው። ቡና ላይ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በፍጹም አትጠይቂ። ልጅ ስታስከትብ፣ መርፌዋን ልትወስድ ስትመጣ፣ ለብቻዋ ስትሆን ጠይቂ። እኔ የምጀምረው በሐዘን ነው። «ነፍስ ይማር፣ እናትሽ በምን አረፉ?» እናቷ እንዴት እንደሞተች ለሚሰማት ሰው የማትናገር ሴት ብዙ የለችም። ነገ ምን ይደርስብሻል የሚል ነገር የለበትም፤ ያለፈ ነው የሚወራው።

ታዲያ ስንት ምልክት ሲገኝ ነው የሚላከው? በብራዚል ፖርቶ አሌግሬ ከተማ ለጤና ጣቢያ ሥራ የተዘጋጀ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የ7 ጥያቄ ማጣሪያ አለ። የምወደው አጭር ስለሆነ ነው። እናት፣ እህት ወይም ልጅ የጡት ወይም የኦቫሪ ካንሰር ነበራት? ሁለቱንም ጡቷን የታመመች አለች? ጡቱን የታመመ ወንድ አለ? ጡትም ኦቫሪም የታመመች አንዲት ሴት አለች? ከ50 ዓመት በፊት ጡቷን የታመመች አለች? ጡት ወይም ኦቫሪ የታመሙ ዘመዶች ሁለትና ከዚያ በላይ ናቸው? ጡት ወይም አንጀት የታመሙስ? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ከተባለ ወደ በላይ ይላካል። ያንቺዋ ሴት፣ የእናቷ ቁስል በእርግጥ ካንሰር ከመሰለ፣ በመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ለመላክ ትበቃለች። መላኳ ታማለች ማለት አይደለም። ባለሙያ ይያት ማለት ነው።

አሁን የላቦራቶሪው ነገር። የብራካ ምርመራ ወረዳ ላይ የለም። ናሙናው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውጭ የሚላክ ነው፤ ዋጋውም የገበሬ ኪስ አይችለውም። ደግሞም መጀመሪያ መመርመር ያለበት የታመመው ሰው ነው። ጤነኛዋን መርምረሽ «አልተገኘም» ቢባል፣ ቤተሰቡ ውስጥ ያለው ብልሽት ምን እንደሆነ ካልታወቀ ያ መልስ ነፃ አያወጣትም። ሌላም አለ። የዓለም የዘረ መል መዝገብ በብዛት የተሞላው በአውሮፓ ዘር ሰዎች ነው። ስለዚህ የኛ ሰው ሲመረመር «ለውጥ አለ፣ ትርጉሙ ግን አይታወቅም» የሚል መልስ ይበዛል። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ከነበረበት የባሰ ተጨንቆ ነው የሚመጣው። በዚህ መልስ ተነሥቶ ጡት ወይም ኦቫሪ አይቆረጥም።

አንድ አቋራጭ ግን አለ። አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም አውሮፓ ያለ የሥጋ ዘመድ ተመርምሮ ብልሽት ከተገኘበት፣ የውጤቱን ወረቀት ያስልክ። «ብራካ አለብኝ» የሚል ወሬ አይበቃም። የለውጡ ትክክለኛ ስም የተጻፈበት ወረቀት ነው የሚፈለገው። እሱ ከተገኘ እዚህ ያለችው ለዚያች አንዲት ለውጥ ብቻ ትመረመራለች። ይረክሳል፤ «አልተገኘም» የሚለው መልስም ያኔ እውነተኛ እፎይታ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እህት ለዚህ ሥራ ትሁን። ስልኩ እሷ ጋ ነው፣ የውጭ ዘመዶቹን የምታገኘውም እሷ ትሆናለች። ለራሷም ትታይ።

ምርመራው ባይገኝም እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪም። ሴትዮዋ ጡቷን ታውቀው። ከወር አበባ በኋላ ባሉት ቀናት ትንካው። የማያም እብጠት ይበልጥ ያሳስበናል። «አያምም፣ ስለዚህ ምንም አይደለም» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው በልቷል። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ደም ከወጣው፣ ብብት ሥር ከተቋጠረ በዚያው ሳምንት ትምጣ። የምታጠባ ሴት ጡቷ ሲያብጥ ምች ነው ተብሎ መድኃኒት ይሰጣታል፤ ልክ ሊሆንም ይችላል። መድኃኒቱን ጨርሳ በሁለት ሳምንት ካልጠፋ ግን ሁለተኛ ዙር አትስጫት፣ ላኪያት። አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ያንን የሚለየው ግን ከእብጠቱ በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ነው፣ ግምት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ሴትዮዋ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ በሽታው ተለይቶ ይታወቅ ይላል። ከናንተ ቀበሌ ሲነሣ 60 ቀን አጭር ነው፣ አንድ ቀጠሮ ካመለጠ አለቀ።

በዓመት አንድ ጊዜ ሆስፒታል ሄዳ ሐኪም ጡቷን ይይላት፤ አልትራሳውንድም ካለ ይጨመር። ማሞግራፊ በእሷ ዕድሜ ጡቱ ገና ጥቅጥቅ ስለሚሆን ብዙ ያመልጠዋል። ለኦቫሪ ግን አስቀድሞ የሚይዝ አስተማማኝ ምርመራ የለም። በደምና በአልትራሳውንድ ተሞክሮ ሞትን አልቀነሰም። ብልሽቱ ለተረጋገጠባቸው ሴቶች የሚመከረው መውለድ ሲበቃቸው፣ ለብራካ አንድ ከ35 እስከ 40 ባለው ዕድሜ፣ ኦቫሪውንና ከማህፀን ጋር የሚያገናኘውን ቱቦ ማውጣት ነው። ይህ ለእሷ የዛሬ ወሬ አይደለም። አንቺ አታንሺባት፤ የማህፀን ሐኪሙ ጊዜው ሲደርስ ያነሣዋል። ጸበል እሄዳለሁ ካለችሽ ትሂድ። ቀጠሮዋን ግን ሳታሳልፍ።

የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ካላት ያለ ሪፈራል ወረቀት ከፍ ያለው ሆስፒታል አይሸፍንላትም፤ ስለዚህ በጤና ጣቢያው በኩል ትለፍ። ወረቀቱ ላይ «የጡት ምርመራ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ እብጠት የለሽም ብለው ይመልሷታል። እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፦

«ዕድሜ 31፣ አራት ልጆች፣ የመጨረሻው ጡት ላይ ያለ ወይም የጣለ (ጠይቄ ልሙላ)። እብጠት የለም። እናት ጡታቸው ላይ የፈነዳ ቁስል ኖሯቸው ሞተዋል፣ ዕድሜ በሂሳብ እንዲህ ግድም። የእናት እህት በ‹ነቀርሳ› ሞተዋል፣ ሳል ይኑር እብጠት አልተጣራም። የአባት ወገን ገና አልተጠየቀም። የምትወስደው መከላከያ ዲፖ። የተላከችው በቤተሰብ ታሪክ ምክንያት ለዓመታዊ ክትትል ነው።»

ክፍት የሆኑትን ቦታዎች ከመላክሽ በፊት ሙያቸው። የአባቷን ወገን የሚያውቁ አያት ካሉ፣ ቅዳሜ ገበያ ሳይወጡ በጠዋት ድረሺባቸው።